ትንፋሽ፦ ሃያ

ጥቅምት 3

ዛሬም ሁለት ነን። ሠላሳ ስምንት አልጋ፣ ሁለት ነርስ። ባቡሬ በዚህ በኩል፣ እኔ በዚያ በኩል። ባቡሬ ያልናት ስትሄድ ስለማትቆም ነው። በሽተኞቹ ሳይቀሩ ባቡሬ ይሏታል፤ ትሰማለች፣ አትቆጣም። ከግፊት መለኪያዎቹ አንዱ አየር ያስወጣል። እኔ ቱቦውን ጨብጬ እይዛለሁ፣ እሷ ትነፋለች… እንዲህ ነው የምንሠራው።

ከሥራ በኋላ ካርድ ክፍል ገባሁ። ለማስተርስ ጥናቴ የአምና የበሽተኛ መከታተያ ቻርቶችን ማየት ጀመርኩ። አራት መቶ ነው የምፈልገው። ርዕሱ ረጅም ነው፤ ባጭሩ፣ በሽተኛው ከመድከሙ በፊት ቻርቱ ላይ ምን ተጽፎ ነበር? ነው። አቧራው ግን ሌላ ነው። ሳስነጥስ አመሸሁ። እማዬ ነጭ ልብሴን አይታ፣ "ማስተርስ የሚማሩት ጉድጓድ ውስጥ ነው እንዴ?" አለችኝ።

ጥቅምት 9

ካርድ ክፍል ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። አምሳ ሦስት ቻርት አየሁ፤ የአርባ ስምንቱ ትንፋሽ ሃያ ነው። በደቂቃ ሃያ። ሽማግሌው ሃያ፣ ልጅቷ ሃያ፣ ሳንባው ውሃ የቋጠረው ሰውዬ ሃያ። የእኛ ዋርድ ሰው ተማክሮ ነው እንዴ የሚተነፍሰው?

ለባቡሬ ነገርኳት። "ሃያ ምን አለው? ጤነኛ ቁጥር ነው" አለች። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን። ስለምናውቀው ነው የሳቅነው። ማን ይቆጥራል? ግፊት መሣሪያ አለው፣ ሙቀት መሣሪያ አለው። ትንፋሽ ግን ቆመሽ፣ ዝም ብለሽ፣ ደረት ደረቱን እያየሽ አንድ ሙሉ ደቂቃ… ለሠላሳ ስምንት ሰው! ሃያ ትጽፊያለሽ፣ ታልፊያለሽ።

ማን አስተማረኝ? ማንም። መጀመሪያ ሥራ የገባሁ ቀን ከፊቴ የነበረችው ስትጽፍ አየሁ፣ እኔም ጻፍኩ።

ጥቅምት 14

ቆጥሬ ጨረስኩ። ከአራት መቶው ሦስት መቶ ስድሳ ሁለቱ ሃያ። አሁን አያስቅም። የራሴ ፊርማ ስንት ቦታ እንዳለ አልቆጠርኩም። ፈራሁ?

ጥቅምት 20

ሠንጠረዥ አራትን እየሠራሁ ነበር። ከአራት መቶዎቹ የሞቱት ሠላሳ አንድ ናቸው። ሥራው ቀላል ነው፤ ሐኪሙ የጻፈውን የሞት ሰዓት ከቻርቱ ጋር ማመሳከር። ስማቸው ተሸፍኗል፣ ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው።

217። የሞተችው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ15። በቻርቷ የቀኑ 6 ሰዓት ሣጥን ውስጥ፦ ትንፋሽ 20።

ሞታ ተነፈሰች?

መጀመሪያ ሐኪሙ ሰዓት የተሳሳተ መሰለኝ። ገለበጥኩ፣ አየሁ፣ እንደገና ገለበጥኩ። ከዚያ ፊርማውን አየሁ። የእኔ ነው።

ስሟ ቢሸፈንም አስታወስኳት። አልጋ አሥራ ስድስት። ያን ቀን ባቡሬ በሽተኛ ይዛ በአምቡላንስ ሌላ ሆስፒታል ሄዳ ነበር፤ ብቻዬን ነበርኩ። በ2 ሰዓት ስዞር የ6 ሰዓቱንም አብሬ ሞላሁት። ኋላ ጊዜ አላገኝም ብዬ። ሁላችንም እናደርገዋለን… አይ። "ሁላችንም" አሁን አይሠራም። እኔ ነኝ ያደረግኩት።

"ሲስተር፣ መስኮቱን ክፈቺልኝ" ብላኝ ነበር። "ይበርድሻል" አልኳት። ብርድ ልብሱን እስከ አንገቷ ስቤላት ሄድኩ። አየር አጥሯት ነበር እኮ! ትንሽ ቆሜ ባየኋት… ሠላሳ ነበር? አርባ? መቼም አላውቀውም። በራሴ አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ጥቅምት 21

ሥራ አልሄድኩም። ራሴን አሞኛል አልኩ። ግድግዳ ሳይ ዋልኩ።

ጥቅምት 22

ለእማዬ ነገርኳት። ልብስ እያጣጠፈች ነበር።

"ገድለሻት ነው?"

"አላውቅም።"

"እንዴት አታውቂም?"

"ስላልቆጠርኩ ነዋ፣ እማዬ! ብቆጥር ኖሮ አውቅ ነበር።"

አንሶላውን አጣጥፋ ጨረሰች። "ማን አየ?"

"ማንም።"

"ታዲያ ዝም በያ! ምን ነካሽ? ሥራሽን ልታጪ ነው?"

ጮህኩባት። እናቴ ላይ ጮህኩ… በኋላ አሳዘነችኝ። ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም፤ ለእኔ ፈርታ ነው። ግን እሷን ደስ ይበላት ብዬ ይሄን አልውጠውም። ከዋጥኩት ነገም ሃያ እጽፋለሁ፣ ከነገ ወዲያም። ሠንጠረዥ አራት ውስጥ 217 ትገባለች። የፈለገው ይምጣ።

ኅዳር 2

የጥናቱን ረቂቅ ለነርሶቹ አለቃ፣ ለማትሮን፣ አስገብቼ ነበር፣ ደንቡ ስለሆነ። ዛሬ ጠራችኝ። ሠንጠረዥ አራትን በቀይ እስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች ሰርዛዋለች።

"ይሄ ይወጣል።"

"አይወጣም።"

መነጽሯን አወለቀች። "ሃያ ሰባት ዓመት ነርስ ነኝ። ሐኪሞቹ እንደ ተላላኪ ሲያዩን የነበረበትን ጊዜ አውቀዋለሁ። ስንት ለፍተን ነው ሰው የሆንነው! አሁን አንቺ ከመሬት ተነስተሽ ነርሶች ውሸታም ናቸው ልትዪ?"

"ውሸቱን የጻፍነው እኛ ነን፣ ማትሮን። ሁለት ሆናችሁ ሠላሳ ስምንት ሰው ያዙ ያለን ግን ሌላ ነው። እሱም ሠንጠረዡ ላይ አለ። አላነበቡትም?"

"የጥናት ፈቃድሽን አሰርዘዋለሁ።"

"ያሰርዙት።"

ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ወደ ዋርዱ ተመለስኩ። እውነቱን ለመናገር እሷም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም። ሐኪሞቹ ምን እንደሚሉን አውቃለሁ። ቢሆንም።

ኅዳር 4

አላሰረዘችውም! ለማሰረዝ ለዳይሬክተሩ ምክንያት መጻፍ አለባት። ምክንያቱን ከጻፈች ደግሞ ሠንጠረዥ አራትን ይፋ ያወጣችው እሷው ሆነች። እስቲ አሁን ታስብበት።

ኅዳር 7

ባቡሬ የሠንጠረዡን ወሬ ሰምታ አኩርፋኛለች። ሦስት ቀን ሆናት። መለኪያውን ስሰጣት ፊቴን ሳታይ ነው የምትቀበለኝ። ዛሬ እጅ መታጠቢያው ጋ ያዝኳት።

"አትሽሺኝ። የሆድሽን ተናገሪ።"

"ምን እናገራለሁ? ሸጥሽን። ልጆች አሉኝ እኮ!"

"የማንንም ስም አላወጣሁም። የማወጣው የአንድ ሰው ፊርማ ነው።"

"የማንን?"

"የራሴን።"

217ን ነገርኳት። እሷ አምቡላንስ ላይ የነበረችበት ቀን መሆኑን ስትሰማ ባልዲውን ገልብጣ ተቀመጠችበት። በሥራ ሰዓት ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም። "እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው" አለች። "አውቃለሁ፣ የምናገረውም ለዚህ ነው" አልኳት። ታረቅን ማለት አይደለም። ግን ከሰዓት በኋላ ሻይ ስትቀዳ ለእኔም ቀዳች።

ኅዳር 11

የጥናት አማካሪዬ ከዩኒቨርሲቲው ደወለ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ፈሪ ነው። "ሠንጠረዥ አራትን ተይው፤ የቀረው ለዲግሪው ይበቃሻል" አለ።

"ዲግሪውን ምን ላድርገው ታዲያ? ግድግዳ ላይ ልስቀለው?"

"ራስሽን እየከሰስሽ እኮ ነው!"

"ልክ ነዎት።"

ትንፋሹ በስልኩ ይሰማኛል። ሳላስበው መቁጠር ጀመርኩ… እሱም ሃያ አይደለም።

ኅዳር 24

ዛሬ ጥናቱን በሆስፒታሉ አዳራሽ አቀረብኩ። ሐኪሞቹ ፊት ወንበር ላይ፣ ነርሶቹ ከኋላ፣ እንደ ወትሮው። ማትሮን ጫፍ ላይ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ። ቀድሜ ያወጣሁት 217ን ነው። ቻርቱ በፕሮጀክተር ግድግዳውን ሞላው። የሞተችበትን ሰዓት አሳየሁ፣ የ6 ሰዓቱን ሃያ አሳየሁ። "ከሥሩ ያለው ፊርማ የእኔ ነው" አልኩ።

ዳይሬክተሩ አላስጨረሰኝም። "ባጭሩ ነርሶቻችን ሰነፎች ናቸው ማለት ነው" አለ። ከፊት አንዱ ሳቀ።

ደሜ ፈላ።

"ዶክተር፣ ሰዓትዎን ያውጡ" አልኩት። እኔ ነኝ ይሄን ያልኩት? እኔ ነኝ! "ሁላችሁም አውጡ። አጠገባችሁ ያለውን ሰው ትንፋሽ ቁጠሩ። አንድ ደቂቃ ሙሉ። ጀምሩ።"

ቅር እያላቸው ጀመሩ። አሥራ አምስት ሰከንድ ሳይሞላ አንዱ ስልኩን አየ። ሠላሳ ላይ አንዱን ሳል ያዘው። አርባ ላይ ወንበር መንቋቋት ጀመረ። ዳይሬክተሩ አቀማመጡን ሁለቴ ቀየረ። አንድ ደቂቃ እንዲህ ረጅም መሆኑን እኔም አላውቅም ነበር።

"አለቀ። ሃያ ያገኘ እጁን ያውጣ።"

ሦስት እጅ።

"ይሄ አንድ ሰው ነው። እኔ ሠላሳ ሰባት ይቀረኛል። መድኃኒት አለ፣ ቁስል አለ፣ ግሉኮስ አለ፣ እናንተ ደግሞ ስትዞሩ 'ሲስተር፣ ነይ' ትላላችሁ። አዎ፣ ዋሽቻለሁ። ለዋሸሁት ልጠየቅ፣ አልሸሽም። ግን እነዚህን አራት መቶ ቻርቶች ሐኪም አይቷቸዋል። ዋርድ ሙሉ ሰው ሃያ ሃያ ሲተነፍስ እንዴት አንዳችሁንም አልገረመም?"

ከኋላ አንዲት ሴት "እሰይ!" አለች። ድምፁ የባቡሬ ነው።

ታኅሣሥ 1

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ፈርሜ ተቀበልኩ፤ ይገባኛል። ዩኒቨርሲቲው ጥናቱን እንዳለ ተቀብሎታል፣ ሠንጠረዥ አራትም አለበት። የነርስ ቁጥር ይጨመር ያልኩት ላይ ግን ዳይሬክተሩ "ይታሰብበታል" ብሎ ጽፎበታል። ይታሰብበታል!

የ217 ቤተሰብስ? ብዬ ጠየቅኩ። "ሕግ ክፍል ይይዘዋል፣ አንቺን አያገባሽም" ተባልኩ። እኔን ካላገባኝ ማንን ሊያገባው ነው?

ታኅሣሥ 6

የ217ን እናት፣ አድራሻቸውን ከካርዱ ላይ ፈልጌ፣ ቤቷ ሄጄ አገኘኋት። በር ላይ ቆሜ ነው የነገርኳት፤ ግቢ አላለችኝም። አንዱንም አላስቀረሁም፣ መስኮቱንም ጭምር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"ሌላ ሰው አለ ይሄን የሚነግረኝ?" አለች።

"የለም።"

"ሂጂልኝ" አለች። ሄድኩ። ይቅር በይኝ አላልኳትም። ያንን ልጠይቃት አልሄድኩም። መንገዱን ሁሉ እያለቀስኩ መጣሁ፣ እማዬ በር ላይ ትጠብቀኝ ነበር። እጄን ይዛ አስገባችኝ።

ታኅሣሥ 15

ሦስት ቀን እረፍት ላይ ነበርኩ። ጠዋት ገብቼ ቻርት አነሳሁ።

አልጋ አንድ፣ ትንፋሽ፦ አልተቆጠረም። ሁለት ነርስ፣ 38 በሽተኛ። ፊርማ። አልጋ ሁለት፦ አልተቆጠረም። የባቡሬ ጽሕፈት ነው። ገለጥ ገለጥ አደረግኩ። የደከሙት ሁሉ ተቆጥረዋል፤ 18፣ 26፣ 16። የቀሩት፦ አልተቆጠረም፣ አልተቆጠረም፣ አልተቆጠረም። የሌላውም ፈረቃ እንደዚሁ። በሦስት ቀን ውስጥ ነርሶቹ በሙሉ፣ ከእኔ በቀር። አንዲት ሃያ አገኘሁና ወደ ባቡሬ ዞርኩ። "እሷ እውነተኛ ሃያ ናት፣ ሁለቴ ነው የቆጠርኳት" አለችኝ።

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

"አንቺ ማስጠንቀቂያ አለብሽ። ካሁን በኋላ ተራው የእኛ ነው።"

አንጀቴን በላችው።

በሦስት ሰዓት የዋርዱ ስልክ ጮኸ። ማትሮን አጠገቡ ነበረች፣ አነሳችው። የዳይሬክተሩ ድምፅ እኔ እስከቆምኩበት ይሰማል። "ሣጥኖቹ ይሞሉ! ይሄን የጻፈ ሁሉ አሁኑኑ ቢሮዬ ይምጣ!" ማትሮን እጇ ላይ ያለውን ቻርት አየችው። እኛን አየችን። በቃ፣ አለቀልን አልኩ።

"ዶክተር፣ ያሉኝ ሁለት ነርሶች ናቸው" አለች። "ማንኛዋን ልላክልዎት? ቦታዋን እርስዎ መጥተው የሚይዙላት ከሆነ አሁኑኑ እልካታለሁ።"

ዘጋችበት። ማትሮን ዳይሬክተሩ ላይ ስልክ ዘጋች! ከዚያ ወደ እኛ ዞራ ጮኸች፤ "ምን ተገትራችሁ ታዩኛላችሁ? ቁጠሩ እንጂ!"

እሷም እጅጌዋን ሰብስባ ከአልጋ ሠላሳ ጀመረች። እኔ አልጋ ዘጠኝ ላይ ቆምኩ። ትናንት የገባች ሴት ናት፤ ፊቷ ደህና ይመስላል፣ ከጎረቤቷ ጋር ትቀልዳለች እንኳ። አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆምኩ። ሠላሳ አራት። እንደገና ቆጠርኩ። ሠላሳ አራት።

ተረኛው ሐኪም ጋ ደወልኩ። "እሺ፣ ቆይቼ እመጣለሁ" አለ።

"አሁን" አልኩት።

መጣ።