በድንጋይ የተያዘ ተራ

ኅዳር 2 ቀን 1995
አያ፣ ዛሬ መናኸሪያህን ገምግመው የሚያሻሽሉ ባለሙያ ከላይ ተልከው መጡልህ። አቶ ኪዳነ ወልድ ይባላሉ። ተራ አስከባሪው አንተ እያለህ ምኑ ነው የሚሻሻለው?
እያለህ... አሁንም እንደዚያ እላለሁ። ከሞትክ ወር አለፈህ።
አክስቴ ጌታነሽ ቁርጡን ነግራኛለች። “አርባው ይውጣና ወደ አገር ቤት እንሄዳለን። አባቱ የሞተበት አንድ ፍሬ ልጅ ኪራይ ቤት ብቻውን አያድርም።” ትምህርቴስ? “ገብስ ማጨድም ያስተምራል” አለችኝ። መሄድ አልፈልግም። ለማን ልንገር?

ኅዳር 5
ከክፍላችን አምስት ልጆች ባለሙያውን እንድናግዝ ተመደብን። የኔ ሥራ የተሰለፈውን ሰው መቁጠር። አመሻሽ ላይ ሄድኩ። ሜዳው ባዶ ነው፣ ዘጠኝ ድንጋይ ብቻ። በዚህ ብርድ ማን ቆሞ ያድራል? ድንጋዩን በተራው አስቀምጦ ይሄዳል፣ ሲነጋ መጥቶ አጠገቡ ይቆማል። የማን የማን እንደሆነ ካንተ ጋር ስዞር ለምጄዋለሁ። ስማቸውን በተራ ጻፍኩ።
አቶ ኪዳነ ወልድ ደብተሬን አገላበጡት።
“ሰው ቁጠር ብልህ ድንጋይ ቆጠርክ?”
“ሰዎቹ ናቸው፣ ጋሼ።”
“ድንጋዮቹ?”
“አዎ።”
ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ኀዘን ላይ ነው ብለዋቸው መሰለኝ።

ኅዳር 10
አርባህ ወጣ። ዛሬ አልጽፍም።

ኅዳር 11
አክስቴ ለዓርብ መኪና ሁለት ድንጋይ አስቀመጠች። አሥራ ሁለተኛ የሷ፣ አሥራ ሦስተኛ የኔ። የኔን ትልቅ አድርጋ መረጠችው። እንዳላመልጥ ይሆን? የዓርቡን ሰልፍ በሙሉ፣ የኛንም ጨምሬ፣ መዘገብኩ። ቆጣሪ ነኝ፣ ምን ላድርግ?

ኅዳር 12
ኅዳር ሲታጠን። ከሚካኤል ስመለስ የመናኸሪያው ሜዳ ልጭ ብሎ ተጠርጓል። ድንጋይ የሚባል የለም! መካከሉ ላይ አቶ ኪዳነ ወልድ ያሠሩት አዲስ ምሰሶ ቆሟል፣ “እንኳን ደህና መጡ” የሚል። ሥሩ በድንጋይና በሲሚንቶ ተገንብቷል። ጠጋ ብዬ አየሁ... የእማማ ወሰንየለሽ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከሲሚንቶው ውስጥ ብቅ ብላለች።
ወይኔ። ሰልፉን ገነቡት።

ኅዳር 13
ገና ሳይነጋ ሰው ምሰሶውን ከቦታል። በግ ነጋዴው ጫኔ፣ “ቀዳዳ ያለው የኔ ነው፣ ተፈልፍሎ ይሰጠኝ! አንደኛ ነበርኩ!” ይላል።
“አንተ ውሸታም፣ አንደኛዋ እኔ ነኝ” አሉ እማማ ወሰንየለሽ። “ደግሞ በሚካኤል ቀን ሲሚንቶ ያቦካሉ?”
አቶ ኪዳነ ወልድ በዚያ ውርጭ ላብ በላብ ሆኑ። “ግለ ሂስ አወርዳለሁ...”
“ግለ ሂስዎ ደብረ ብርሃን ያደርሰናል?”
ሾፌሩ ክላክሱን ይነፋል። ባለሙያው ድንገት እኔን አዩኝ። “ደብተሩ! ደብተሩን አምጣ!”
አነበብኩ። አንደኛ፣ እማማ ወሰንየለሽ። ሁለተኛ፣ ጫኔ። ጫኔ መሬት መሬት አየ። እያንዳንዱ ስሙ ሲጠራ መኪናው ውስጥ ገባ። ማንም አልተከራከረም።
አሥራ ሁለተኛ፣ አክስቴ። አሥራ ሦስተኛ... ጣቴ የራሴ ስም ላይ ቀረ።
“ምነው ቆምክ?” አሉ አቶ ኪዳነ ወልድ።
አክስቴ አንድ እግሯን መወጣጫው ላይ አድርጋ ዞረች። ትክ ብላ አየችኝ። “እሱን ዝለሉት። እሱ እዚህ ሥራ አለው።”
ከዚያ ወደኔ፣ “ብቻዬን ነኝ ብለህ ጦምህን እንዳታድር፣ ሰማህ?”
መኪናው ሄደ። ከትምህርት በፊት ጠዋት ጠዋት ተራ እንዳስከብር የመናኸሪያው ኮሚቴ ተስማማ። ባለሙያው የማሻሻያ ሐሳባቸውን ሲጽፉ አየሁ። አንደኛ ተራ ቁጥር ላይ፣ “ድንጋይ አይነሳ”።

ኅዳር 14
ዛሬ የቀሰቀሰኝ የለም። ራሴ ነቃሁ። የማሰሮው ውኃ በረዶ ሠርቷል፣ በማንኪያ ሰብሬ ፊቴን ታጠብኩ። አክስቴ ከተወችልኝ ቆሎ ዘገንኩ። ኮትህን ለበስኩት። እጅጌውን ሁለቴ አጠፍኩ። በሩን ቆልፌ ቁልፉን እንደ ልማዳችን፣ ቀድሞ ለሚመጣው፣ ደፉ ሥር ልሸጉጥ ጎንበስ አልኩ... ማን ቀድሞ ሊመጣ? ኪሴ ከተትኩት።
መናኸሪያ ስደርስ ሰዎቹ አዲስ ባስቀመጡት ድንጋያቸው አጠገብ ቆመዋል። “ሞላሌ! ደብረ ብርሃን!” ብዬ ጮህኩ። ድምፄ መሀል ላይ ተሰነጠቀ።
“ፍሬኑ ነው የጮኸው?” አለ አንድ የራቤል ሰው። ሜዳው ሙሉ ሳቀ።
ጉሮሮዬን ጠረግኩ። እንደገና ጮህኩ።