አንደኛ ብዬ የጻፍኩት ወርክሾፕ

ውድ ብዙነህ፣

ዱራሜ እንደገባህ የነገረችኝ እህትህ አዜብ ናት። በግምገማዬ ሁለተኛ ያወጣሁት ወርክሾፕ ውስጥ ተቀጥረህ የመስኮት ፍርግርግ እንደምትበይድ ስትነግረኝ «እሺ» ብቻ አልኳት። እንዲህ ከሆንኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ቢሮ እገባለሁ፣ እሑድ እሑድ እዘምራለሁ፣ ምንም አይሰማኝም።

ሆሳዕና ያለው ወርክሾፕህ የመጣሁት የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየናችን አርባ የእንሰት መፋቂያ ማሽን ሊያዝዝ ሲል ነበር። መቁረጫዎቻችሁ በኮምፒውተር ስለሚታዘዙ፣ ከሦስቱ አምራቾች ለሳይበር ጥቃት ይበልጥ የሚጋለጠው የትኛው እንደሆነ አወዳድሪ ተብዬ ነው። ያንተ የይለፍ ቃል ግድግዳው ላይ በቾክ ተጽፏል።

«የዲዛይኖቹ ኮፒ የት አለ?» አልኩህ።

«ፍላሹ ላይ።»

ፍላሹ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቷል።

«ሁልጊዜ እንደተሰካ ነው?»

ሳቅክ። «ጵርሲ፣ የእንሰት ማሽን ብሎ እዚህ ድረስ የሚመጣ ሌባ አለ እንዴ? ይቺን እለፊልኝ፣ አስተካክላታለሁ።»

አለፍኩልህ። አባቴ ጊምቢቹ ያረፈ ዕለት፣ በዚያ ዝናብና ጭቃ አስከሬኑን ይዘህልኝ የመጣኸው አንተ ነህ። ያን ውለታህን እያሰብኩ «ተጋላጭነት፦ ዝቅተኛ» ብዬ ጻፍኩ። አንደኛ ወጣህ።

በሦስተኛው ወር ሠራተኛህ መልካሙ የብረት ዋጋ ዝርዝር መስሎት አንድ ኢሜይል ከፈተ። ከኢሜይሉ የገባው ቫይረስ ኮምፒውተሩንም ፍላሹንም አብሮ ቆለፋቸው። የዘጠኝ ዓመት ዲዛይን ጠፋ። ማሽኖቹን በጊዜው ማድረስ አቃተህ፣ ውሉ ተቋረጠ።

ኮሚቴው ሲጠራህ እኔም ተቀምጫለሁ። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ወልደኪዳን «ገምጋሚዋ ይህን ጉድለት አላየችም?» ብለው ጠየቁህ። ቀና ብለህ አየኸኝ።

«አላየችም። ስትመጣ ደብቄባት ነበር» አልክ።

ወደ እኔ ዞሩ። «እውነት ነው?»

«አዎ» አልኩ።

ጉድለት ደብቋል ተብለህ ከጨረታ ሁሉ ታገድክ። ወርክሾፑን የዘጋኸው በኮምፒውተሩ ሳይሆን በዚያ «አዎ» ነው።

ባለፈው ማክሰኞ አቶ ወልደኪዳን ቢሮ ገብቼ ጉድለቱን እያየሁ እንዳለፍኩት፣ አንተም የዋሸኸው ለእኔ ብለህ እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ ጉዳዩ ተዘግቷል። አሁን ምን ይጠቅምሻል?» አሉኝ።

«ለእኔ አይደለም» አልኳቸው። ራሴ ጽፌ፣ ፈርሜ መዝገብ ቤት አስገባሁት። ከሥራ ታግጃለሁ። ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር፣ አላለኝም። እንባም የለኝም።

እገዳህ ትናንት ተነስቷል። ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ በአዜብ እጅ ልኬልሃለሁ። ይቅርታ እንድታደርግልኝ ለመለመን ድፍረቱ የለኝም። የሚቀጥለው ጨረታ የሚዘጋው ሰኔ ሃያ ነው፤ እባክህ ተወዳደር። የሚገመግምህ ሌላ ሰው ነው።

ጵርስቅላ
ሆሳዕና