«ተንበርከኪ» የተባልኩበት ትዕይንት

መጋቢት 3
ልምምድ። አዳራሹ ይበርዳል፤ ካፖርት ደርቤ ነው የምተውነው። የድሮ ኮሜዲ ነው... ነገረኛ ሚስት፣ የሚገራት ባል። እሱ «አንቺ» ይላታል፣ እሷ «እርስዎ» ትለዋለች። መጨረሻ ላይ ተንበርክካ፣ «ጌታዬ፣ ከእንግዲህ እርስዎ ያሉት ነው» ትላለች። እዚህ ጋ ሰው በሳቅ ፍርስ ይላል። ሚስቲቱ እኔ ነኝ። የትያትሩ አዘጋጅ ደግሞ ባሌ።

መጋቢት 9
መንበርከኩ ይቅር አልኩት። ብትሸነፍስ፣ ቆማ መሸነፍ አትችልም?
በሰው ሁሉ ፊት «እዚህ ባልሽ አይደለሁም፣ አዘጋጅ ነኝ። ተንበርከኪ» አለኝ።
ሁሉም አቀርቅሮ ጫማውን አየ። ተንበረከክኩ።

መጋቢት 10
እራት ላይ ጨው እንዳቀብለው በጣቱ ጠቆመ። ቃል እንኳ አላወጣም።
«እዚህ ደግሞ አዘጋጅ አይደለህም» አልኩት።
ማንኪያውን አስቀምጦ ተነሳ። ድሮ ቢሆን ይስቅ ነበር...

መጋቢት 14
ኩርፊያው አልለቀቀንም። የምንነጋገረው በልጃችን በኩል ነው። «አባዬ ቁልፉ የት ነው ይላል።» «ጠረጴዛው ላይ ነው በዪው።» ዛሬ መሃላችን ቆማ፣ «እኔ ስልክ ነኝ እንዴ?» ብላ አለቀሰች። ሁለታችንም አፈርን። ግን ማን ይጀምር?

መጋቢት 20
መክፈቻው። አዳራሹ ጢም ብሏል። ሲስቁ ቆዩ። ተንበረከክኩ። ቃሉን አልለወጥኩም፤ ማሾፉን ብቻ ተውኩት። የመረራት ሴት እንደምትናገረው፣ ቀስ ብዬ አልኩት። ሳቁ ጠፋ። በትያትሩ ባሌን ሆኖ የሚተውነው አንጋፋ ተዋናይ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው፣ እዚህ ላይ መሳቅ ነበረበት። አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋልኝና፣ «ይነሱ፣ እመቤቴ» አለ። ጽሑፉ ላይ የለም! ከዚያ ጭብጨባ።
ከመጋረጃው ጀርባ ባሌ ፊቱ ጠቁሮ ጠበቀን። «ኮሜዲዬን ገደላችሁት!»
ቤታችን በር ላይ ስንደርስ ግን ቁልፉን ይዞ ቆመ።
«እንደዚያ የመረረሽ... በእኔ ነው?»
«አዎ።»
ቁልፉን ከእጁ ወስጄ በሩን ከፈትኩ።

መጋቢት 22
ባሌ ተዋንያኑን ሁሉ ሰበሰበ። «በሰው ፊት ነው ያዋረድኳት፤ ይቅርታዬም በሰው ፊት ይሁን» አለ። ጆሮው ድረስ ቀልቷል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «መጨረሻው እንዴት ይሁን ትያለሽ?»
«ሚስቲቱ አትንበርከክ» አልኩት። አልተስማማም። ተከራከርን፣ ድምፃችን ከፍ አለ፤ ጋሼ «ኧረ ምሳ!» እስኪል ድረስ።
ቤት ገብተንም አልጨረስነው። እሱ ሽንኩርት ይከትፋል፣ እኔ ድስቱን አማስላለሁ።
«ቆይ፣ ካልተንበረከከች መሸነፏ በምን ይታወቃል?»
«ተሸንፋለች ያለህ ማነው?»
ቢላዋውን አስቀመጠ። ተናግሬ እስክጨርስ ድረስ አዳመጠኝ።