ኸላስ የሚባል አገር

ማክሰኞ፣ መስከረም 20፤ ሪያድ፣ መላዝ

ዛሬ በእንቆቅልሽ ወንጀል ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። ሦስተኛው ሲመጣ ሥራዬና የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ ተያይዘው ይሄዳሉ።

ከኢትዮጵያ የመጣው የአራተኛ ክፍል የአማርኛ መጽሐፋችን «በሰፈራችሁ ስላለው ወንዝ ጻፉ» ይላል። የሪያድ ልጅ ወንዝ ከየት ያምጣ? ስለዚህ መጽሐፉን በክብር አሳርፌ፣ ተማሪዎቼን «ቤታችሁ ካለው ነገር እንቆቅልሽ ፍጠሩ» አልኳቸው። ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ ድምጿን ሰምተን የማናውቀው ሀያት እጇን አወጣች። ልክ በዚያች ደቂቃ ዳይሬክተራችን ገቡ። ልጅቷ ወደ እሳቸው ዞረች።

«እንቆቅልዎ!»

«ምን አውቅልሽ» አሉ ሳያስቡት። ልማድ ክፉ ነው።

«ሲጮህ እንተኛለን፣ ዝም ሲል እንነቃለን።»

ወለሉን አዩ፣ ሰሌዳውን አዩ። መልሱ አናታቸው ላይ ያጓራል፤ ኤሲውን ግን ቀና ብለው አላዩትም።

«አላወቁትም! በሉ አገር ይስጡኝ።»

«ኸላስ! በቃ! ወደ መጽሐፋችሁ!»

«ጋሼ፣ ኸላስ የሚባል አገር የለም እኮ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም፣ አልዋሽም፣ ሳቄን በጠመኔ ሳጥን ሸፈንኩ።

ደብዳቤው «ከመጽሐፍ ውጭ ለምን እንዳስተማሩ በጽሑፍ ያስረዱ» ይላል። ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ቀደድኩ፤ «ይቅርታ» የምትለው ቃል ከእስክሪብቶዬ አልወጣም አለች። የፈረምኩበት ይኸው ነው፦ «ተማሪ ሀያት በጨዋታው ደንብ መሠረት አገር ይገባታል። እስክትቀበል ድረስ ትምህርቱ አላለቀም።»

ጠዋት ለዳይሬክተሩ በእጄ አስረክባቸዋለሁ። ከዚያ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የእኔ ነው። ሀያት ሌላ እንቆቅልሽ አለኝ ብላለች።