ወይዘሮዋ አራስ ናት

ጥቅምት 5 ቀን 1957፣ ጧት 1 ሰዓት
ውሃ ቀየርሁ። ስንዴ ጨመርሁ። ጭዱን ገለጥ አደረግሁ፤ ባዶ። ትናንት ዘጠኝ ነበሩ። አንዲት ቀይ ጭራ ብቻ ቀርታለች። በላቻቸው፣ ደብተሬ። ወይዘሮዋ፣ ነጯ አይጤ፣ ልጆቿን ለሁለተኛ ጊዜ በላች።

ምን ያላደረግሁት አለ? እንደ ወለደች ሳጥኗን በሳሙና አጠብሁ። አዲስ ጭድ አነጠፍሁ። ስድስተኛ ክፍሎችን አሰልፌ አንድ በአንድ አሳየሁ። እየሳቁ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ዛሬ ምን ብዬ ልንገራቸው?

ረፋድ ላይ ዳይሬክተሩ ጠሩኝ። የዳንግላ ሰው ሁሉ ከጎተራው አይጥ ያባርራል፣ የእኛ መምህር ይቀልባል እየተባለ ነው አሉ። ሦስተኛ ጊዜ እንዲህ ከሆነ ሳጥኑ ከት/ቤቱ ይውጣ። ይውጣ ማለት ለድመት ማለት ነው። ጥንዱን ነጭ አይጥ ከመምህራን ማሠልጠኛው ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ በአውቶቡስ ስንገላታ የመጣሁት ለዚህ ነው? ልጆቹ ነፍስ እንዴት እንደሚያድግ በዓይናቸው እንዲያዩ ነበር።

ጥቅምት 8፣ እሑድ
አከራዬ እማማ ጥሩዬ ከቅዳሴ ሲመለሱ ነገርኋቸው። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያዋለዱ ሴት ናቸው። የሚስቁብኝ መስሎኝ ነበር። አልሳቁም። ማን ማን ገባ ብለው ጠየቁኝ። አርባ ሁለት ተማሪ ስላቸው አማተቡ።

«አራስ ቤት ገበያ ነው እንዴ? ያን ሁሉ ዓይን አይታ፣ ከሚወስዱብኝ ብላ ወደ ሆዷ መለሰቻቸው እንጂ» አሉኝ።

አፈርሁ። ተምሬ እናቴን ረሳሁ። ዘንገና ሐይቅ አጠገብ፣ እናቴ በወለደች ቁጥር ጓዳው በጋቢ ይጋረድ ነበር። ጨለማው ደስ ይላል። የገብስ ገንፎ ይሸታል። እሷ በአገውኛ ዝግ ብላ ታንጎራጉራለች፣ እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ተኝቼ እሰማለሁ። ዜማው አሁንም አለኝ። ቃሉ ጠፋኝ። እንዴት ይጠፋኛል?

ጥቅምት 26፣ ሐሙስ
ሆዷ ወርዷል። ባልየውን ወደ ሌላ ሳጥን አዛወርሁት፤ ኩርፊያው ለጉድ ነው። ሳጥኗ ያለበትን የት/ቤቱን ዕቃ ቤት መስኮት በጆንያ ጋረድሁ። ጭድና ቁራጭ ጨርቅ ሰጠኋት፤ እንደ ፈቀደች ራሷ ትጎዝጉዝ። እማማ ጥሩዬ አንድ እፍኝ ተልባ ላኩላት። ለአራስ መቼም ተልባ ነው አሉ።

ኅዳር 1፣ ማክሰኞ
ወለደች! አላየሁም፤ ሰማሁ። ጭዱ ውስጥ ሲር ሲር ይላል። ስንት ናቸው? እጄን በላኝ። ኪሴ ውስጥ ከተትሁት። እህልና ውሃ አስቀምጬ በእግሬ ጣት ወጣሁ። ተማሪዎቹን ከበር መለስኋቸው። አኮረፉ። ያኩርፉ።

ኅዳር 4፣ ዓርብ
አራተኛ ቀን። ሲር ሲሩ አለ። እንዲህ ቆይተውልኝ አያውቁም።

ዳይሬክተሩ ደግሞ አዲስ ነገር አመጡ። ሰኞ ከማርቆስ ኢንስፔክተር ይመጣሉ። ግልገሎቹ ነጭ ጨርቅ ላይ ተደርድረው፣ በየተማሪው መዳፍ ላይ ሆነው መታየት አለባቸው። ዓይናቸው እስኪገለጥ ዐሥር ቀን ይታገሡኝ አልኋቸው። ለመንኋቸው። ኢንስፔክተር የአይጥ ደጅ አይጠናም አሉኝ። እንቢ ካልሁ ዝውውሬን ይጽፋሉ። ወዴት እንደሆነ አልነገሩኝም። ዛሬ ምሳ አልበላሁም።

ኅዳር 6፣ እሑድ
ቀኑን ሙሉ አባቴ ከፊቴ አልጠፋ አለ። ለሹም እንቢ ብሎ የማያውቅ፣ አንገቱን የደፋ ሰው ነበር። ታናሽ እህቴ የተወለደች ሰሞን ጭቃ ሹሙ በበቅሎ መጡ፤ ልግባ አሉ። አባቴ ደፉ ላይ ቆመ። «ጌታዬ፣ አራስ አለች። ከመንገድ ነዎት፣ ላብዎ እስኪደርቅ እዚህ ይረፉልኝ» አለ። ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ድንጋይ ላይ አነጠፈላቸው። ጭቃ ሹሙ ተቀመጡ!

ያን ቀን እንዴት ወደድሁት። አንድም ቀን ሳልነግረው ሞተ። ናፈቀኝ፣ ደብተሬ። ዛሬ ቢኖር ዘንገና ድረስ በእግሬ ሄጄ እነግረው ነበር።

ኅዳር 7፣ ሰኞ፣ ጧት 3 ሰዓት
ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍሁ። ሲር ሲር ይላሉ። ቆለፍሁ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው።

ላንድሮቨሩ ደረሰ፤ አቧራ ለብሷል። ኢንስፔክተሩ ግንባራቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ወረዱ። ዳይሬክተሩ ወደዚህ እየመሯቸው ነው። ወንበሬን አውጥቼ ከበሩ ፊት አስቀምጫለሁ። ጋቢዬን አንጥፌበታለሁ። አልከፍትም።