አቤት ያለው ማን ነበር?

ሚያዝያ 11 ቀን 2010፣ ዳንግላ
ክፍለ ጊዜዬን ጨርሼ ከድሮው የዕድር መዝገብ ጋር ዋልኩ። የቀብር ስም መጥሪያ ነው፣ ከ1948 እስከ 1966። ስድሳ ሁለት ስም፣ ሁሉም ወንድ። የመመረቂያ ጽሑፌ ምዕራፍ ሦስት አለቀ ማለት ነው... የዳንግላ ሴቶች ከዕድር ውጭ ነበሩ። አማካሪዬ ዶክተር አወቀ ወዶታል። ዲፌንሱ፣ ጽሑፉን በፈታኞች ፊት የማቀርብበት፣ ግንቦት 25 ነው። ካለፍኩ ቆሰበር፣ ዩኒቨርሲቲ፣ የመምህርነት ቦታ አለ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ጠመኔ ይበቃል።

ሚያዝያ 20
ለማረጋገጥ ያህል እማማ እታለማሁ ዘንድ ሄድኩ። የድሮ በርበሬ ነጋዴ፣ አሁን ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው። ስሞቹን አነበብኩላቸው። "ምህረቴ አየነው" ስል ሳቁ።
"ባሌ ነው። በ51 ሞተ፣ ነፍሱን ይማር።"
"እዚህ ግን እስከ 66 ቀብር ተገኝተዋል ይላል።"
"ሞቶ እንዴት ይገኛል? እኔ ነኛ! ምህረቴ ሲባል አቤት እላለሁ። ዛሬም እንደዚያው። ባሏ የሞተባት ሁሉ እንዲህ ናት።"
ክው አልኩ። ከስድሳ ሁለቱ ስንቱ ሟች ይሆን?
ለባለቤቴ ለውብአየሁ ነገርኳት። "ይኼ አዲስ ሆነብህ? አንተስ መቼ ቀብር ደርሰህ ታውቃለህ? ሰውነት ተብሎ ስምህ ሲጠራ አቤት የምለው እኔ አይደለሁ?"
እውነቷን ነው። የታሪክ ምሁር ተብዬ! ከመጠምጠም መማር ይቅደም።

ግንቦት 9
በየቤቱ ዞርኩ። አንዷን ፍለጋ በጋሪ ገጠር ድረስ። በአገውኛ አወራች፣ ልጇ አስተረጎመልኝ። እሷም አቤት ባይ። እስካሁን ሃያ ሦስት ሴቶች።

ግንቦት 12
ዶክተር አወቀ ደወለ። "አንተ ሰው፣ ሁለት ሳምንት ሲቀርህ? እንዳለ አቅርበው፣ በኋላ ታርመዋለህ።"
"ስህተት መሆኑን እያወቅሁ?" አልኩት።
"ቦታው እኮ አንተን አይጠብቅም።"
እሱንም አውቃለሁ...

ግንቦት 13
ዲፌንሱን አራዘምኩ።

ሐምሌ 2
ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። አመመኝ፣ ምን ይደበቃል።  ምሳ ላይ ውብአየሁ ወጡን አብዝታ ጨለፈችልኝ።

ጥቅምት 17 ቀን 2011
አለፍኩ። ምዕራፍ ሦስት እንደ አዲስ ተጽፎ። ሰኞ ግን ያው ክፍል፣ ያው ጠመኔ።

ኅዳር 2
ያገኘሁትን ለዕድሩ ስብሰባ ተናገርኩ። ዳኛው አቶ አዝመራው "እንግዲያ በሕይወት ያሉት ሴቶች በየስማቸው ይጻፉ" አሉ። የተቃወመ የለም። አዲሱን መዝገብ መገልበጥ በእኔው ላይ ወደቀ። ለነገሩ ማን ሊጽፈው ኖሯል?

ኅዳር 14
ቀብር ነበር። ዛሬ እኔም ሄድኩ። አቶ አዝመራው በአዲሱ መዝገብ ስም ጠሩ። "ሰውነት" ሲባል እኔና ውብአየሁ እኩል አቤት አልን። ሰው ሳቁን ዋጠ።
"እታለማሁ ዓለምነው!"
ዝም።
"እታለማሁ ዓለምነው!"
ዝም። አቶ አዝመራው ቀሪ ሊሉ እስክሪብቶ አነሱ። እማማ እታለማሁ እፊታቸው፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል። የምህረቴን ስም እየጠበቁ!
ጠጋ አልኩ። "እማማ፣ እርስዎን እኮ ነው።"
"እኔን?"
"እርስዎን።"
ነጠላቸውን አስተካከሉ። አቤት አሉ፣ ከሁላችንም ድምፅ በላይ።