ክትባት የሚያባርሩት አያት

ሰኞ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት
የሬዲዮ ድራማዬ ሦስተኛ ክፍል ተቀረጸ። ነርስ ነኝ ወይስ ደራሲ? ሁለቱንም ነኝ፣ ምን ይጠበስ። እትዬ አስካለ፣ መቱ ገበያ ቅቤ ሲሸጡ አፋቸውን ወድጄ እንዲተውኑ የለመንኳቸው ሴት፣ ክትባት እምቢ የሚሉትን አያት ሆነው ጉድ አደረጉን። የጻፍኩትን ግማሹን ትተው ከታቢዎቹን በራሳቸው አፍ አባረሩ፤ ደህናውን ልጅ ወግታችሁ ልታሳምሙት ነው አሉ። ቴክኒሻኑ ሳቁን አፍኖ ሊሞት። ያገኘኋቸው እኔ ነኝ፣ ደብተሬ፣ እንዳትረሺ።

ሐሙስ፣ ረፋድ
ትናንት ተላለፈ። በየቀበሌው አዳራሽ ሬዲዮ ተከቦ ተሰማ። ዛሬ ባለሱቁ ጋሼ ከድር ለእትዬ አስካለ ሳሙና አልሸጥም አሉ። መጀመሪያ የልጅ ልጅዎን ያስከትቡ ብለው። ድራማ ነው ቢባሉ ወይ ፍንክች። በሳቅ ፍርስ አልኩ። እትዬ አስካለ ግን አኩርፈው ሄዱ።

ቅዳሜ
ከመቱ ወጣ ብሎ ወዳለው ቡሬ ገበያ ልንከትብ ወጣን። ኩፍኝ ከከተማው ማዶ ገብቷል። የእናቶች ሰልፍ መንገድ ዘጋ። ያቺን አያት እልህ ለማስያዝ ነው የመጣነው ይላሉ። መርፌ እየቀቀልኩ ዘፈንኩ። ደስታዬን የት ላድርሰው!

እሑድ፣ 9 ሰዓት
ወሬውን ላበስር እትዬ አስካለ ቤት ሄድኩ። የልጅ ልጃቸው ሌንሳ እቅፋቸው ውስጥ። ተከትባለች ወይ አልኩ። አልተከተበችም አሉ። ምክንያቱንም ነገሩኝ። የሌንሳ ታላቅ ወንድም በተከተበ በሳምንቱ ሞቷል። ለካ በቀረጻው ያሉት ትወና አልነበረም። ነገ በሚቀረጸው በመጨረሻው ክፍል አያትየዋ ተጸጸቱ ብዬ ጽፌላቸዋለሁ። የማላምንበትን አልልም አሉ። ልጁን ምን እንደገደለው ንገሪኝና ሌንሳን ይዤ እመጣለሁ አሉ።

ሰኞ፣ ጠዋት
ቆረጥኩ። ጽሑፉ የሳንሱር ማኅተም አርፎበታል፣ መለወጥ ያስጠይቃል። ያስጠይቀኝ። ማይክሮፎኑ ፊት እኔው ነርሷ እቀመጣለሁ፤ እትዬ አስካለ ያንኑ የልጁን ጥያቄ ይጠይቁኝ፣ ቡሬም ያዮም፣ የአካባቢው ከተማ ሁሉ ይስማ። የክትባቱ ሰልፍ ይበተን ይሆን? እፈራለሁ። ግን አልዋሽም። የሌንሳን ወንድም ምን እንደገደለው አላውቅም፣ ያኔ ማንም አልመረመረውም እላቸዋለሁ። ኩፍኝ የሚያደርገውን ግን በዓይኔ አይቻለሁ፣ እሱን እነግራቸዋለሁ። መርፌውን ቀቅዬ ይዣለሁ።

በሩ ተንኳኳ። እሳቸው ናቸው። ሌንሳን አዝለዋታል።